የካቴተር መንገድ በኤሌክትሮማግኔቲክ መከታተያ፦ ፋንተም ላይ ልክ፣ ታካሚ ላይ ስህተት

ካቴተር ፍለጋ (ጠያቂ)፦ ለጡት ካንሰር የምንሰጠው ኤችዲአር ብራኪቴራፒ ነው፤ ማለትም ጠንካራ የጨረር ምንጭ በካቴተር (ቀጭን ቱቦ) በኩል ለአጭር ጊዜ ወደ ጡቱ እናስገባለን። የመከታተያውን (ቦታን በመግነጢሳዊ መስክ የሚለይ መሣሪያ) ቀጭን ሴንሰር እስከ ካቴተሩ ጫፍ እናስገባና ወደ ኋላ እየሳብን መንገዱን እንመዘግባለን። ፋንተም (በሰው አካል ምትክ የሚለካበት የሙከራ ሞዴል) ላይ ከሲቲው (የራጅ ቅኝት ምስል) ጋር ያለው ልዩነት ከ1 ሚ.ሜ በታች ነው። ታካሚ ላይ ግን 3 ሚ.ሜ ይደርሳል። ከየት እንጀምር?

ኮይል፦ ከብረት። የመስክ አመንጪው (ሴንሰሩ የሚያነበውን መስክ የሚፈጥረው ክፍል) መግነጢሳዊ መስክ ስለሚለዋወጥ በአቅራቢያው ባለ ብረት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሳል፤ ያ ጅረት የራሱን መስክ ይፈጥርና ሴንሰሩ የሌለበት ቦታ ይነበባል። ሴንሰሩን ፕላስቲክ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩና አልጋውን፣ የክንድ ማሳረፊያውን፣ የተንጠለጠለውን መሣሪያ አንድ በአንድ አቅርቡ። ንባቡ ከዘለለ ጥፋተኛው ተገኘ።

ፊዚሲስት፦ ብረት ብቻ አይደለም፤ የስህተቱን መልክ እዩ። ሁሉም ካቴተሮች ወደ አንድ ጎን እኩል ከሄዱ ከሲቲው ጋር ማዛመዱ ላይ ነው ችግሩ። ለማዛመድ 3 የጋራ ነጥብ በስሌት ይበቃል፣ በተግባር ግን 6 እና ከዚያ በላይ፣ ካቴተሮቹን ከብበው፣ በአንድ መስመር ያልተደረደሩ ይሁኑ። ስህተቱ በካቴተሩ ርዝመት ብቻ ከሆነ የሴንሰሩ መሃል ከሽቦው ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ መሆኑ ተረስቷል። የጨረር ምንጩም ከራሱ ሽቦ ጫፍ የራሱ ርቀት አለው፤ ሁለቱን አታምታቱ። ቀጥ ያለ ካቴተር ጎብጦ ከታየ ግን ወደ ብረቱ ተመለሱ።

ሞገድ፦ ትንፋሹስ? ሴንሰሩን ካቴተሩ ውስጥ ሳታንቀሳቅሱ ለ20 ሰከንድ መዝግቡ። ንባቡ ከደረት ጋር ከወጣና ከወረደ፣ ጡቱ ዙሪያ ቆዳ ላይ 3 ማጣቀሻ ሴንሰር ለጥፋችሁ እንቅስቃሴያቸውን ከንባቡ ላይ ቀንሱ። አንዱን ብቻ ደረት አጥንት ላይ መለጠፍ አይበቃም፤ ጡት ለብቻው ይዞራል።

ካቴተር ፍለጋ፦ ብረቱ የአልጋው ፍሬም ቢሆንስ? አልጋ መቀየር አንችልም።

ኮይል፦ ወፍራም ፎም አንጥፉና ታካሚዋን ከፍ አድርጉ፤ አመንጪውን ወደ ጡቱ አስጠጉ። ከታካሚ ሥር የሚነጠፍ፣ ከታች የሚመጣን መዛባት የሚከልል አመንጪም አለ። የሥራ ክልሉ ዳር ላይ አትለኩ፤ እዚያ ልኬቱ ይደክማል።

ፊዚሲስት፦ ስትስቡ አትቸኩሉ። በሰከንድ 40 ንባብ ከሆነ 20 ሚ.ሜ በሰከንድ በየ0.5 ሚ.ሜ ነጥብ ይሰጣል። 3 ሚ.ሜ የሚናቅ አይደለም፦ ለአንዲት ነጥብ ምንጭ ሲሰላ 5 ሚ.ሜ የነበረው ርቀት በ1 ሚ.ሜ ብቻ ወደ 4 ቢወርድ የጨረር መጠኑ 56 በመቶ ያህል ይጨምራል።