ለሆቴሎች በምሸጠው ሶፍትዌር ውስጥ የኤጂፒኤል ላይብረሪ አገኘሁ፤ ምን ላድርግ?

ከአቶቴ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴሎችና ለፔንሲዮኖች የክፍል መያዣና የሒሳብ ሶፍትዌር በጃቫ ሠርቼ እሸጣለሁ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ደንበኛዬ ውል ሲያድስ «በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ኮድ በሙሉ የሻጩ ንብረት ነው» የሚል አንቀጽ አስገብቶ እንድፈርም ጠየቀኝ። ከመፈረሜ በፊት እንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ የጫንኩትን ፎልደር ከፍቼ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሳይ፣ የእንግዳውን ሒሳብ ወደ ፒዲኤፍ የሚያወጣልኝ አይቴክስት 5.5.13 የተባለ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) እንደሆነ፣ ፈቃዱም ኤጂፒኤል የተባለው የኦፕን ሶርስ ፈቃድ እንደሆነ ተረዳሁ። ሶርስ ኮዴን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ፣ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። በጣም አሳስቦኛል፤ መሸጤን ላቁም ወይስ መፍትሔ አለው?

ጃቫ አዋቂ፦
ኦፕን ሶርስ (ሶርስ ኮዱ ክፍት የሆነ) ማለት መሸጥ የተከለከለ ማለት አይደለም። ጂፒኤልም ሆነ የእሱ ዘመድ የሆነው ኤጂፒኤል ገንዘብ መቀበልን አይከለክሉም፤ የሚጠይቁት ፕሮግራሙን የተረከበው ሰው ሶርስ ኮዱንም እንዲያገኝ፣ በዚያው ፈቃድ የመቀየርና የማሠራጨት መብትም እንዲኖረው ነው። እርስዎ በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ስለጫኑ ቅጂ አስረክበዋል፤ ግዴታውም የመጣው በዚሁ ነው። ሰርቨር ላይ አስቀምጬ በኢንተርኔት ባገለግል ይቀርልኛል ብለውም አይተማመኑ፤ ኤጂፒኤል የተጻፈው በተለይ ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

የስሪት ቁጥሩን መጻፍዎ ጥሩ ነው። አይቴክስት ቀድሞ ኤልጂፒኤልና ኤምፒኤል በተባሉ ላላ ያሉ ፈቃዶች ይሰጥ ነበር፤ ወደ ኤጂፒኤል የዞረው እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 5ኛው ስሪት ጀምሮ ነው። ከባለቤቶቹ የንግድ ፈቃድ መግዛት ይቻላል፣ ኮድዎን በኤጂፒኤል መክፈትም ይቻላል፤ ለአንድ አነስተኛ ሻጭ ግን የሚቀለው ላይብረሪውን መተካት ይመስለኛል። ፒዲኤፍቦክስ የተባለው ሌላ የፒዲኤፍ ላይብረሪ በአፓቼ 2.0 ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ የፈቃዱን ጽሑፍና የባለቤትነት ማስታወቂያውን አብረው እስካስረከቡ ድረስ የራስዎን ኮድ እንዲከፍቱ አያስገድድዎትም። ከዚያ በፊት ግን የጃቫ ላይብረሪዎችን በሚያስተዳድረው መሣሪያ በሜቭን የጥገኝነት ዝርዝሩን (ፕሮግራምዎ የሚጠቀማቸውን ላይብረሪዎች) ሙሉ በሙሉ አውጥተው ይዩ፤ እርስዎ ያልጠሩት ላይብረሪ በሌላ ላይብረሪ ተጎትቶ ይገባልና።

የውል ነገር፦
ከሁሉ በፊት ያንን አንቀጽ እንዳይፈርሙ። ሐዋሳ ድረስ መጥቶ የሚከስ የውጭ አገር ባለመብት ላይኖር ይችላል፤ ደንበኛዎ ግን እዚሁ ነው፤ ሐሰት መሆኑን እያወቁ ለፈረሙት ቃልም የሚጠይቅዎት እሱ ነው። «ከሦስተኛ ወገን በፈቃድ የተወሰዱ ክፍሎች በአባሪው ተዘርዝረዋል» በሚል ይተኩትና አባሪውን ራስዎ ያዘጋጁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ የእርስዎን ሥራ ከኮራጅ የሚከላከለውም ይኸው አዋጅ ስለሆነ፣ የሌላውን መብት ስናከብር የምንቆመው በራሳችን ሕግ ላይ ነው።

«ነፃ ነውና ውል አይደለም» የሚለውን ክርክር ፍርድ ቤት አይቶታል። ፒዲኤፍ የሚያነብበው የጎስትስክሪፕት ፕሮግራም ባለቤት የሆነው አርቲፌክስ የደቡብ ኮርያውን የሶፍትዌር ኩባንያ ሃንኮምን፣ የጂፒኤልን ግዴታ ሳይፈጽም ፕሮግራሙን ተጠቅሟል ብሎ በካሊፎርኒያ ሲከስ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሱ ውድቅ ይደረግልኝ የሚለውን ጥያቄ ሳይቀበል ቀርቷል፤ የጂፒኤልን መጣስ እንደ ውል መጣስም ማቅረብ ይቻላል ማለት ነው። ለእርስዎ የሚያጽናናው ደግሞ የኤጂፒኤል 3ኛ ስሪት ለተመለሰ ሰው በር ክፍት መተዉ ነው፤ ጥሰቱን ካቆሙ በኋላ ባለመብቱ በ60 ቀን ውስጥ ካላስታወቀዎት መብትዎ በቋሚነት ይመለሳል። ስለዚህ አዲሱን ስሪት ለዚህ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ቀድመው ለሸጡላቸውም ሁሉ ይጫኑላቸው።

ከአቶቴ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን አውጥቻለሁ፤ ከአይቴክስት በቀር አስጊ ነገር አልተገኘም። ፒዲኤፍቦክስን ስሞክር ግን የአማርኛው ፊደል አልወጣ ብሎ የፎንት ፋይል መጫን አስፈለገኝ። ከዊንዶውስ ያገኘሁትን ኒያላ የተባለ የአማርኛ ፎንት ሶፍትዌሩን ከሚጭነው ፋይል (ከኢንስቶለሩ) ጋር ባያይዘውስ?

ጃቫ አዋቂ፦
አይሆንም፤ ፎንትም ሶፍትዌር ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ፋይሉን ገልብጠው ለደንበኛ ማደል አይፈቀድልዎትም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ይውሰዱ፤ በኦፕን ፎንት ፈቃድ ስለሚሰጥ ከሚሸጥ ሶፍትዌር ጋር ማያያዝ ይቻላል፣ የተከለከለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። የፈቃዱን ፋይል ከፎንቱ ጋር እዚያው ፎልደር ውስጥ ይተዉት፤ በውሉ አባሪ ላይም አንድ መስመር ይጨምሩለት።