ትረካ መስማት ማንበብ ነው ወይ? የጠፋብንን የንባብ ጣዕም በየትኛው በር እንመልሰው?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ይኸውላችሁ። በተማሪነቱ ልብ ወለድ ካገኘ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ፣ አሁን ግን ሦስት ገጽ ሳይዘልቅ መጽሐፉን የሚያጥፍ አዋቂ በየቤቱ አለ። ግማሹ ሰው «በትረካ፣ መጽሐፍ በድምፅ ሲነበብ በመስማት ይጀምር፤ መስማትም ማንበብ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ትረካ ከመጽሐፍ ያርቃል፤ የሰፈር ቤተ መጻሕፍትም ያለችውን ጥቂት ብር ለወረቀት እንጂ ለድምፅ ማዋል የለበትም» ባይ ነው። አቋማችሁን ከነምክንያቱ፣ «እንዲህ ይደረግ» ከምትሉት ጋር አምጡት።

የትረካ ባለሙያ፦
እኔ ከትረካ ወገን ነኝ። በእኛ አገር ንባብና ድምፅ ተለያይተው አያውቁም። የአብነት ትምህርት ቤቱን እዩት። ፊደል የለየ ልጅ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ወደ ቁም ንባብ የሚሸጋገረው ጮክ ብሎ እያነበበ ነው፤ የቃላቱን የአነባበብ ስልት፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ የሚለየውም በጆሮው ነው። ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ በ1958 ዓ.ም የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ያልቆጠረው ሰው ቤት ሳይቀር የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ነው። ዛሬም መጽሐፉን ሲገልጥ የወጋየሁ ድምፅ የሚመጣበት ሰው ብዙ ነው። ይህ ከንባብ አራቀ ወይስ አቀረበ?

ደግሞም ጽሑፋችን ራሱ የድምፅ እርዳታ ይፈልጋል። መጥበቅና መላላት በፊደላችን ላይ አይታይም። «ሰፊ» ተብሎ ሲጻፍ ልብስ ሰፊው ነው ወይስ ሰፊው ሜዳ? «ዋና» የወንዙ ዋና ነው ወይስ ዋናው ጉዳይ? «አለ» ተናገረ ማለት ነው ወይስ ይገኛል? የለመደ አንባቢ ይህን ሳይታወቀው ያልፈዋል። ለዓመታት መጽሐፍ ያልያዘ ሰው ግን ይደናቀፋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይደክመዋል። ድካሙንም «መጽሐፉ አይስብም» ብሎ ይፈታዋል። ተራኪ ያን ጠጠር ከመንገዱ ላይ ያነሳለታል።

የአማርኛ መምህርት፦
ወንድሜ፣ ስለ ጠጠሩ ያልከው እውነት ነው። ግን ጠጠሩን ሌላ ሰው እየለቀመለት የሚሄድ እግር መቼም አይጠነክርም።

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀመር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንብቦ መረዳት ማለት ፊደልን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታ፣ ቋንቋውን ሰምቶ በመረዳት ችሎታ ሲባዛ ነው። ልብ በሉ፣ ማባዛት እንጂ መደመር አይደለም፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ነው። ትረካ የሚያዳብረው ሁለተኛውን ነው። ንባብ ያቋረጠ አዋቂ የዛገበት ግን የመጀመሪያው ነው። ታሪክ መከታተልማ አላቃተውም፤ መቶ ክፍል ያለው ድራማ ይከታተል የለም እንዴ?

አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች ወንዙ ሞልቶ ስለጠበቃቸው፣ የተሸከሙትን ጤፍ ከዋርካው ሥር አውርደው፣ ውኃው እስኪጎድል ወግ እየጠረቁ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ልጆቹ እያሳሰቧቸው...» ብዬ ብተወው ሴቶቹ ምን እንዳደረጉ አታውቁም። ግሱ እስኪመጣ ያን ሁሉ በአእምሮ መሸከም ግድ ነው። ይህን ሸክም የሚያቀለው ልምድ ነው፤ ልምዱም የሚገኘው ዓይን መስመር ላይ ሲውል ነው። ተራኪ በትንፋሹ እየቆራረጠ ያጎርሰዋል፤ ሰሚው ማላመጥ ይረሳል።

ስለ አብነት ትምህርት ቤቱም ሙሉውን እንናገር። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ መጽሐፉ ፊቱ ነው። በስንጥር እያንዳንዱን ፊደል ይጠቁማል። ጆሮው ብቻውን አልሠራም።

እህት ከሪያድ፦
መምህርት፣ ያሉት ገብቶኛል። ነገር ግን በሰው ቤት የምትሠራ ሴት እጇ ቀኑን ሙሉ ውኃና ሳሙና ውስጥ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ መጽሐፍ የላትም፤ የምትገዛበት ሱቅም አጠገቧ የለም። ለእሷ ምርጫው ወረቀት ወይስ ድምፅ ሳይሆን፣ ድምፅ ወይስ ባዶ ነው። እባካችሁ ይህን ሳትረሱ ተከራከሩ።

ለተራኪዎችም ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ትረካውን በቪዲዮ ብቻ አትልቀቁት። ስልኩ ስክሪኑን ሲያጠፋ ቪዲዮው ይቋረጣል፤ ስክሪኑ በርቶ ከቆየ ደግሞ ባትሪው ያልቃል። የድምፅ ፋይል ሁኖ ቴሌግራም ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ መጠኑን አሳንሱልን። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ ትረካ ለአንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በ32 ኪሎቢት ሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ሲሆን ግን 14 ሜጋባይት ይበቃዋል። የሰው ድምፅ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ጆሮን አያስቸግርም። ሦስተኛ፣ የፋይሉን ስም «ክፍል 1፣ ክፍል 2» ሳይሆን «ክፍል 01፣ ክፍል 02» በሉት። አለበለዚያ ብዙ ስልክ ክፍል 10ን ከክፍል 2 በፊት ይደረድረዋል፤ እጇ እርጥብ የሆነ ሰው መሀል ላይ ገብቶ ታሪኩ ይበላሽበታል።

የትረካ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ሦስቱንም እቀበላለሁ። አራተኛ ልጨምርልሽ፦ ማጀቢያ ሙዚቃ። ከምዕራፍ መግቢያ አልፎ ከድምፁ ሥር ሲጎተት የሚውል ሙዚቃ፣ መጠኑ በተቀነሰ ፋይል ላይ «ሰ»ን እና «ሸ»ን ያደበላልቃል። መግቢያው ላይ አሥር ሴኮንድ ይሰማና ይጥፋ።

መጽሐፍ አከራይ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ አንባቢው ትናገራላችሁ፤ ስለሚያነበው ዕቃም ተናገሩ እንጂ።

መጽሐፍ ሲወደድ ከመጽሐፍ ኮፒ የተደረገ ቅጂ ገበያውን ይሞላዋል። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ቅጥያ ነው፤ በ«ሉ» ከወገቡ፣ በ«ሊ» ከእግሩ ሥር ናት። «ቡ» እና «ቢ»ም እንደዚያው ናቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ኮፒ ሲደረግ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቅጥያ ናት። አንባቢው በየቃሉ እየገመተ ይሄዳል። ስልክ ላይ ያለው ፒዲኤፍም ያው ነው፤ የመጽሐፉ ገጽ ወርዱ 14 ሴንቲ ሆኖ 7 ሴንቲ ስክሪን ላይ ሲገባ ፊደሉ በግማሽ ያንሳል። ስታሰፉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ በየመስመሩ ግራና ቀኝ መጎተት ነው። እንዲህ ተነቦ ምን ጣዕም ይገኛል? ንባብ ጠላሁ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የጠላው ቅጂውን ነው።

ስለዚህ አዋቂ ሰው ሲመለስ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከ150 ገጽ ባይበልጥ ይሻላል፤ አጭር ልብ ወለድ ወይም የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ። በክብሩ ስም ትልቁን መጽሐፍ የሚያነሳ ሰው ነው ቶሎ የሚወድቀው። ከመውሰዱ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ ይተውና 40ኛውን ገጽ ቆሞ ያንብብ። የመጀመሪያው ገጽ ሁልጊዜ የተኳለ ነው፤ 40ኛው ላይ የደራሲው እውነተኛ አረማመድ ይታያል። 30 ገጽ አንብቦ ካልጣመው ያለ ኀፍረት ይመልሰው። ጨርሶ ማንበብ ግዴታ የሚሆነው ለፈተና ነው።

ኪራይ ደግሞ ከግዢ ይሻላል። መያዣ አስይዞ ለ7 ቀን የወሰደ ሰው ቀኑን ይቆጥራል። የተገዛው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነገ ነገ እየተባለ አቧራ ይለብሳል።

የአማርኛ መምህርት፦
ጋሼ፣ ስለ 40ኛው ገጽ ያሉትን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ትምህርት ቤትም ጥፋተኛ ነው። ልጅ ያነበበውን ሁሉ «ጭብጡን፣ መቼቱን፣ ገጸ ባሕርያቱን ጻፍ» ሲባል ካደገ፣ አዋቂ ሆኖም መጽሐፍ ሲከፍት ፈታኝ ትከሻው ላይ የቆመ ይመስለዋል።

ማየት የተሳነው አባል፦
በጥሞና ስሙኝ። «መስማት ማንበብ አይደለም» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ተናገሩት። በብሬል የታተመ የአማርኛ ልብ ወለድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ማየት ለተሳነው ሰው ድምፁ መጽሐፉ ራሱ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የማራኬሽ ስምምነት የወጣው እኮ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ተደራሽ ቅጂ እንዲዘጋጅ ለመፍቀድ ነው፤ ኢትዮጵያም ገብታበታለች። ቤተ መጻሕፍት ለድምፅ የሚያወጣው ብር ቅንጦት አይደለም።

ከተራኪዎች ጋርም ጉዳይ አለኝ። ትረካ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጨዋታ ነው፤ የአየር ሰዓት ስለሚያጥር ይቆራረጣል፣ መግለጫው ይዘለላል፣ ንግግሩ ይቀራል። ሌላው ቃል በቃል የሚነበብ ነው። የተቆራረጠው ትረካ ለእኛ ገጾቹ የተገነጠሉ መጽሐፍ ነው፤ መገንጠሉን ግን ማንም አይነግረንም። ቢያንስ መግቢያው ላይ «ይህ አጥሮ የቀረበ ነው» ይባል። ምዕራፉ ሲጀምር የምዕራፉ ቁጥርና የገጹ ቁጥር ይነገር።

የትረካ ባለሙያ፦
እጥር ምጥን የምናደርግበት ምክንያት አለን። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለማንበብ 2 ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ፣ 300 ገጽ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ብቻ ያለው ዝግጅት 25 ሳምንት ይወስድበታል፤ ግማሽ ዓመት ማለት ነው። ሆኖም ማጠሩ ይነገር ያልከው ፍትሐዊ ነው። በፋይል ለሚለቀቅ ትረካ ደግሞ የአየር ሰዓት ሰበብ የለም፤ ሙሉው ይነበብ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
ስለ ብሩ ተነሥቷልና ልግባበት። አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችን አያውሱም፤ «እዚሁ ተቀምጠህ አንብብ» ነው። ወንበሩን የያዘው ደብተሩን ይዞ የሚያጠና ተማሪ ነው። ቀኑን ሥራ ላይ የዋለ ሰው ልብ ወለድ ሊያነብ አግዳሚ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ማዋስ ላይ ይዋል፤ መያዣ የሚቀበል ሠራተኛና የአንድ መጽሐፍ አምስት አምስት ቅጂ። ሁለተኛው ብር ቃል በቃል ለተነበበ ድምፅ ይሁን።

ለመቅዳት የደራሲውን ወይም የወራሾቹን የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድሙ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሥራውን በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። «ለሕዝብ ጥቅም ነው» ብሎ መቅዳት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ ደራሲውንም ዳግመኛ እንዳይጽፍ ያደርገዋል።

አሁን ድምፁና ወረቀቱ እንዴት ይጋቡ? ለተመላሽ አንባቢ የማቀርበው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ትረካውን ከፍቶ፣ መጽሐፉንም ዘርግቶ፣ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ይስማ። ፍጥነቱን አይጨምር፤ ሲጨምር ጣቱ ይቀድማል ወይም ይቀራል፣ ከዚያ መከተሉን ይተዋል። በሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ገጽ ሰምቶ ያቁም፤ ቀጣዩን ገጽ ራሱ ያንብብ፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይጨርሱት። ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ድምፁን ይዝጋ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ስልኩ ግን ድምፁ ጠፍቶ አጠገቡ ሳይሆን ሌላ ክፍል ይሁን፤ ትራስ ሥር ያለ ስልክ ባይጮህም ልብን ይከፍላል። ለትረካው የተለየች ትንሽ ማጫወቻ ብትኖር የተሻለ ነው።

የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰውየው ታሪኩ ያጓጓውና ማታውኑ ትረካውን እስከ መጨረሻው ይሰማዋል። መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ጀማሪ አንባቢ ወረቀቱን አያነሳም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጠው ድምፅ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንዲያበቃ እመክራለሁ።

የትረካ ባለሙያ፦
በዚህ አልስማማም። ሙሉ ድምፅ እያለ ግማሹን መደበቅ አንባቢን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። ሪያድ ያለችው እህታችን ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ምን ታድርግ?

እህት ከሪያድ፦
ለኔ ዓይነቷ ሙሉው ይሁን እንጂ። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፤ ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች አሉ። አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደል ግን አይለዩም። በመምህርት ቀመር እነሱ የሚጎድላቸው የመጀመሪያው ነው። በጣት እየተከተሉ መስማት ለእነሱም ይሠራል።

የአማርኛ መምህርት፦
ይሠራል፤ ግን ፊደሉን አስቀድመው ከቆጠሩ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው ሳይለዩ ጣት ቢሄድ ጌጥ ነው።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ትረካ የንባብ ጠላት ነው አልልም፤ እስካሁን የተባለው አሳምኖኛል። ግን «መስማት ማንበብ ነው» የሚለው ቃል፣ ዓይኑ ጤነኛና መጽሐፍ በእጁ ላለ ሰው ስንፍናን ያለብሰዋል ብዬ አሁንም እከራከራለሁ። ለእሱ በሦስተኛው ምዕራፍ መቁረጡ ትክክል ነው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
ሁለት ፋይል ይዘጋጅ። ሙሉው ማየት ለተሳናቸውና ወረቀት ለማያገኙ፣ አጭሩ መጽሐፉን ለሚዋሱ። ቀረጻው አንድ ነው፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

የትረካ ባለሙያ፦
ለሚዋሰው ሰው ግን ሁለቱም ይቀመጡለትና ራሱ ይምረጥ። እኔ ከዚህ ወዲያ አልሄድም።

መጽሐፍ አከራይ፦
እናንተ ስለ ፋይሉ ስትስማሙ ሦስተኛው ምዕራፍ የሚያልቅበትን ገጽ ቁጥር ንገሩኝ። በየቅጂው እዚያች ገጽ ላይ ክር ይደረግበታል፤ ድምፁ ሲያበቃ ሰውየው ገጹን ሲፈልግ እንዳይሰለች።