«ፈሪ ስለሆነ ነው» አለ የሬዲዮው እንግዳ

ሰብለ፦ ትናንት በሬዲዮ ስለ ብድር ዋስትና ሲወራ አንዱ እንግዳ «ለዘመዱ ፈርሞ ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ፈሪ ስለሆነ ነው» ብሎ ዘጋው። ዋስ እንዴት እንደሚጠየቅ ያውቃል ለመሆኑ? መጀመሪያ «ከመሥሪያ ቤትህ የደመወዝ ደብዳቤ ብቻ አጽፍልኝ» ነው። ደብዳቤው ማህተም ተመትቶበት ከወጣ በኋላ እምቢ ማለት ቃል ማጠፍ ይሆናል።

ባላምባራስ፦ ደብዳቤ ፊርማ አይደለም። ፈሪ ነው።

የየካ ልጅ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፍሪድማንና ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ላይ ያሳዩት ይህንኑ እኮ ነው። «በጥንቃቄ አሽከርክሩ» የሚል ግዙፍ አስቀያሚ ሰሌዳ ግቢያቸው ይተከል ዘንድ በቀጥታ ከተጠየቁት የፈቀዱት 17 በመቶ አይሞሉም። ቀድሞ ስለዚያው ጉዳይ ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ከተጠየቁት ግን 76 በመቶው ፈቀዱ። ሁሉም ፈሪዎች ናቸው?

ባላምባራስ፦ ሰሌዳ ደመወዝ አይቆርጥም። የኛ ነገር ይሉኝታ ነው፤ ፈረንጅ አታስገቡብን።

ሰብለ፦ ይሉኝታን የኛ ብቻ ያደረገው ማን ነው? ፍሊንና ሌክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጠይቅ የሚሞሉ 5 የማያውቋቸው ሰዎች ለማግኘት 20 ያህል ሰው መለመን ያስፈልገናል ብለው ገመቱ፤ 10 ገደማ በቃቸው። ጠያቂ ፊቱ የቆመው ሰው እምቢ ለማለት ምን ያህል እንደሚጨነቅ አይታየውም። ለእንግዳችንም አልታየውም።

ጠበቃው፦ እምቢ ከአፋችሁ ካልወጣ ጣሪያ አስጽፉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካያችሁ ደግሞ አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይነካ እናንተን መክሰስ ይችላል።

ባላምባራስ፦ ማንበብም ይፈራል ማለት ነው።

የየካ ልጅ፦ ዘመድ እስክሪብቶ አቀብሎህ አጠገብህ ቆሞ? ያኔ ገጽ መግለጥ ራሱ «አላመንኩህም» ነው። ነገሩን የሚያበላሸው ደግሞ ሰበብ መደርደር ነው። «ደመወዜ አይበቃም» ስትለው «ሁለተኛ ዋስ አለኝ» ይልሃል፤ «ባለቤቴን ላማክር» ስትለው እሷ ጋ ይደውላል። «ለማንም ዋስ አልሆንም» በለውና ዝም በል። እሱን ለይተህ አልነካኸውም፣ የሚያስተካክለው ነገርም የለም።

ባላምባራስ፦ ለወንድምስ? ወንድም እንኳ ሌላ ነው።

ሰብለ፦ ኧረ! እስካሁን ማን ነበር ፈሪ ሲል የነበረው?

ባላምባራስ፦ ወንድም አልኩ እንጂ የአክስት ልጅ አላልኩም። አታጣምሚ።

ጠበቃው፦ ሕጉ ወንድም አይለይም፤ ጣሪያውን አስጽፍ።