በየጊዜው እርማት የሚያወጣ የዜና ተቋም ይታመናል ወይስ ያጠራጥራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝን ነገር መነሻ አድርጌ ሐሳባችሁን ልጠይቅ። ለብዙ ዓመታት የተከታተልኩት አንድ የዜና ድረ ገጽ፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ 40 ሰዎች መሞታቸውን በሰበር ዜና አወጣ፤ እኔም አምኜው ለዘመዶቼና ለሥራ ባልደረቦቼ በቴሌግራም አካፈልኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ያንኑ ሊንክ መልሼ ስከፍተው የሟቾቹ ቁጥር 4 ሆኗል። ርዕሱም ተለውጧል፤ ዜናው የወጣበት ሰዓት ግን እንደነበረ ነው፤ ከላይም ሆነ ከታች ስሕተት እንደነበረ የምትናገር አንዲት መስመር የለችም። የመጀመሪያውን ርዕስ በስክሪንሾት ባላስቀረው ኖሮ፣ አሳስቼ አንብቤ ይሆናል ብዬ ራሴን በተጠራጠርኩ ነበር።

ሌላ የማነበው ጋዜጣ ደግሞ ቋሚ የእርማት ዓምድ አለው፤ በስም አጻጻፍ፣ በዕድሜና በቀን ላይ የተፈጠረውን ጥቃቅን ስሕተት ሁሉ ሳይቀር ይዘረዝራል። አንድ ወዳጄ ዓምዱን ባሳየሁት ጊዜ «በየሳምንቱ ይህን ያህል የሚሳሳት ጋዜጣ ምኑ ይታመናል?» አለኝ፤ በቂ መልስ አላገኘሁለትም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከሁለቱ የትኛውን ብናምን ይሻላል?

የቀድሞ አርታኢ፦
በአርታኢነት ለ11 ዓመታት ያህል ሠርቻለሁና ከውስጥ ያየሁትን ልንገርዎ። ስሕተት የሌለበት የዜና ክፍል የለም። የእርማት ዓምድ የሌለው ተቋም ስሕተቱን ለአንባቢ አይናገርም ማለት እንጂ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ስለዚህ ወዳጅዎ በዓምዱ ላይ የቆጠሩት፣ ጋዜጣው ራሱ አግኝቶ ያመነውን ስሕተት ነው፤ በሌላው ዘንድ ምን ያህል ስሕተት እንዳለ የሚቆጥሩበት መንገድ እንኳ የላቸውም።

4 እንዴት 40 እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዘጋቢው ጫጫታ ካለበት ስፍራ በስልክ ይናገራል፤ ተቀባዩ ቁጥሩን አሳስቶ ይሰማል፤ ተፎካካሪ ተቋም እንዳይቀድም በሚል ጥድፊያ መልሶ ሳይጠይቅ ይለጥፋል። ከዚያ ሌሎች ሦስት ድረ ገጾች ያንኑ ይቀዱና አርታኢው «ሦስት ቦታ ወጥቷል» ብሎ ይረጋጋል፤ ሦስቱም የጠቀሱት ግን ያንን አንድ ምንጭ ነው። ሁለት ምንጭ የሚባለው፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ሁለቱም ነገሩን በየራሳቸው ሲያውቁት ብቻ ነው።

ተገቢ እርማት ቀድሞ ምን ተብሎ እንደነበር፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነና መቼ እንደታረመ ይናገራል፤ ስሕተቱ በነበረበት ገጽ ላይም ይቆያል። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ጄሰን ብሌር የተባለው ዘጋቢው ዜና ሲፈጥርና ከሌሎች ሲቀዳ እንደነበር ባረጋገጠ ጊዜ፣ በፊት ገጹ ጀምሮ ከ7,000 በላይ ቃላት ያሉት ዝርዝር ዘገባ አወጣ፤ በቀጣዩ ወር ሁለቱ ከፍተኛ አዘጋጆች ሥራቸውን ለቀቁ። በማጣራት ክፍሉ ስፋት የሚታወቀው የጀርመኑ ደር ሽፒግልም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ተሸላሚ ዘጋቢው ክላስ ሬሎቲዩስ ባለታሪኮችን ፈጥሮ ይጽፍ እንደነበር ራሱ ለአንባቢዎቹ ገለጠ። ያን የመሰለውን የማጣራት ክፍል ያለፈውን ውሸት የደረሰበት፣ አለቆቹ አላምን ቢሉትም በራሱ ወጪ ሄዶ ያጣራ አንድ የሥራ ባልደረባው ነበር። ስለዚህ እኔ የማምነው የሚያርመውን ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ አብዛኛው ክፍል ብስማማም፣ እርማት ሁሉን ነገር ይክሳል የሚል ስሜት እንዳያድርብን እሰጋለሁ። ቁጥር ሲሳሳት ቁጥሩ ይስተካከላል፤ የሰው ስም ሲጠፋ ግን በምን ይስተካከላል?

ሪቻርድ ጁዌልን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ወቅት፣ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ቦምብ የያዘ ቦርሳ አይቶ ለፖሊስ ያመለከተውና ሰዎችን ከአካባቢው ያራቀው የጥበቃ ሠራተኛ እርሱ ነበር። ቦምቡ ከፈነዳ ከሦስት ቀን በኋላ የከተማው ጋዜጣ መርማሪዎች እርሱን እንደሚጠረጥሩት ጻፈ፤ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው፤ ካሜራዎች እናቱ ቤት ደጃፍ ላይ ሰፈሩ። ምርመራ ይደረግበት እንደነበር ዘገባው በትክክል ጽፏል፤ አስቸጋሪውም ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ሲታይ እውነት ሆኖ ሳለ ንጹሕ ሰው በአደባባይ ወንጀለኛ ሆነ። ዐቃቤ ሕግ የምርመራው ዒላማ አለመሆኑን በደብዳቤ የገለጠለት 88 ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ድርጊቱን የፈጸመው ኤሪክ ሩዶልፍ ጥፋተኝነቱን ያመነው በ2005 ሲሆን፣ ጁዌል ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ገና በ44 ዓመቱ ዐረፈ።

ስለዚህ ለጠያቂው የምመክረው ሌላ መመዘኛ እንዲጨምሩ ነው፦ ተቋሙ ክስ ያልተመሠረተበትን ሰው ስምና ፎቶ ያወጣል ወይስ ይታገሣል? ይህ ከእርማት ዓምዱ ይልቅ ብዙ ይነግረኛል።

ሦስተኛ ተሳታፊ፦
እስካሁን የተነጋገርነው ስሕተቱ የዜና ክፍሉ ሲሆን ስለሚደረገው ነው። አሁን ግን ዜናው አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው በሌላ እጅ አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በትዊተር የተሰራጩ ወደ 126,000 የሚጠጉ ወሬዎችን መርምሮ፣ ሐሰተኛው በሰዎች መልሶ የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ለዚህ ልዩነት ምክንያት የሆኑትም በራሳቸው የሚለጥፉ ማሽኖች (ቦቶች) ሳይሆኑ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ናቸው።

በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የአፕል ስልኮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ባሳጠሩት ማሳወቂያ ላይ፣ በግድያ የተከሰሰ አንድ ሰው ራሱን በጥይት እንደመታ የሚገልጽ ርዕስ በቢቢሲ ስም ወጣ። ቢቢሲ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም ነበር። ቢቢሲ ቅሬታውን አቀረበ፤ አፕልም በጥር 2025 ለዜና መተግበሪያዎች ይሰጥ የነበረውን ይህን አገልግሎት አቋረጠ። ማሳወቂያውን በስልኩ ስክሪን ላይ በጨረፍታ አንብቦ ያለፈውን ሰው ግን የትኛው የእርማት ዓምድ ያገኘዋል? እርማት ከስሕተቱ ጋር አብሮ መጓዝ አለበት የምንል ከሆነ፣ ድርሻው የዜና ክፍሉ ብቻ ሳይሆን የአከፋፋዩም፣ የእኛም ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው መልስ በቀጥታ እኔን ስለሚመለከት፣ ዜናውን ወደላክሁባቸው ሦስት የቴሌግራም ግሩፖች ተመልሼ 40 ያልኩት ስሕተት መሆኑንና ትክክለኛው ቁጥር 4 መሆኑን ጽፌያለሁ። የመጀመሪያውን መልእክቴን ዘጠኝ ሰዎች ለሌሎች አስተላልፈውት ነበር፤ እርማቱን እስካሁን ያስተላለፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለድረ ገጹም ስክሪንሾቱን አያይዤ ጻፍኩላቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ሆኖም ዛሬ ጠዋት ከዜናው ግርጌ «የሟቾች ቁጥር ተስተካክሏል» የሚል መስመር ተጨምሮ አየሁ። ቀድሞ ስንት ተብሎ እንደነበርና መቼ እንደታረመ ግን አልተጻፈም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ እንደገና እጽፍላቸዋለሁ።