ዋይፋይ ተገናኝቷል ይላል፣ ኔት ግን የለም! ጎንደር ፒያሳ ነኝ፣ ሰው ተሰልፏል

ፒያሳ ኮፒ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ጠዋት ሱቅ ስከፍት ኮምፒውተሩ ኔት እምቢ አለ። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ ያጫውታል። ፎርም የሚሞሉ 6 ልጆች በር ላይ ቆመዋል። ዊንዶውስ 10 ነው።

የማራኪው፦ አጥፍተሽ አብሪው።

ፒያሳ ኮፒ፦ ሦስቴ!

አዘዞ ነኝ፦ ራውተሩንም አጥፍተሽ አብሪ።

ጋሽ መስመር፦ ልጄ፣ ከመነካካት በፊት ማየት ይቀድማል። የዛሬ ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀው ማጥፋት ነው። ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ክፈቺና አይፒኮንፊግ ብለሽ በላቲን ፊደል (ipconfig) ጻፊ። የዋይፋዩ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠሽም። ደህና ከሆነ 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ አድርጊ፣ «አለህ?» ብለሽ እንደመጠየቅ ነው። እሱ መልሶልሽ ሳይት ካልከፈተ ዲኤንኤሱን፣ የሳይት ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረውን፣ ጠርጥሪ።

ፒያሳ ኮፒ፦ ጋሼ፣ አድራሻው 192.168.1.14 ነው። ፒንጉ ግን አራቴም ታይምድ አውት፣ መልስ የለም።

ቀበሌ 18፦ ኔት የለም አትበይ። ስልክሽ ከሠራ ኔት አለ። መንገድ የሳተው ኮምፒውተርሽ ነው። ትናንት ምን ነካካሽ?

ፒያሳ ኮፒ፦ ምንም አልነካሁም! አንድ ልጅ መጥቶ ፕሪንተሩን በአሮጌ ራውተር በኬብል አገናኘልኝ እንጂ።

የማራኪው፦ «ምንም» 😂

ቀበሌ 18፦ በቃ እሱ ነው! እዚያው ሲኤምዲ ላይ ራውት ፕሪንት (route print) ብለሽ ጻፊ፣ የመንገዶቹን ዝርዝር ያሳይሻል። በ0.0.0.0 የሚጀምር፣ ማለትም ወደ ኔት የሚያወጣ፣ ስንት መስመር አለ?

ፒያሳ ኮፒ፦ ሁለት። አንዱ ጌትዌዩ 192.168.1.1፣ ሜትሪክ 50። ሌላው 192.168.10.1፣ ሜትሪክ 35።

ቀበሌ 18፦ ጌትዌይ መውጫ በር ነው፣ ሜትሪክ ደግሞ የመንገዱ ወጪ። ሜትሪኩ ያነሰው ይቀድማል። ኮምፒውተርሽ ማራኪ ልሂድ ብሎ የአዘዞ ታክሲ ተሳፍሯል። አሮጌው ራውተር ኔት የለውም፣ ግን «በእኔ በኩል ውጣ» ይለዋል። እስኪ ኬብሉን ንቀይ።

አዘዞ ነኝ፦ አዘዞ ምን አደረገህ?

ፒያሳ ኮፒ፦ ከፈተ!! ግን ፕሪንተሩ ጠፋ። ፎርሙን በምን ላትመው?

ቀበሌ 18፦ መልሰሽ ሰኪው። ኔትወርክ ኮኔክሽንስ ገብተሽ የኬብሉ (ኢተርኔት የሚለው) ፕሮፐርቲስ ውስጥ አይፒ ቨርዥን 4ን ክፈቺ፣ ከዚያ አድቫንስድ። አውቶማቲክ ሜትሪክ ላይ ያለውን ምልክት አንሺና 100 ጻፊ። ያኔ ዋይፋዩ ይቀድማል። ፕሪንተሩም አይጠፋም፤ የ192.168.10 ሰፈር የራሱ መስመር አለው፣ በጌትዌይ አያልፍም።

ጋሽ መስመር፦ እኔም ልል ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ቀበሌ 18፦ እህቴ፣ ሠራ?

አዘዞ ነኝ፦ ፒያሳ አሁን መብራት ሄዷል። አትጠብቋት።

የማራኪው፦ እሷ ባታጠፋው መብራት ኃይል አጠፋላት።