የዕቅድ ውይይት፦ ወደ ብዋማ ደሴት ስለምናደርገው ጉዞ

ጸሐፊው፦ ውድ አባላት፣ ቅዳሜ አራት ኪሎ በተነጋገርነው መሠረት የጉዞውን ዕቅድ ረቂቅ ጀምሬዋለሁ። ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይኖሩባቸው የነበሩ ሁለት ደሴቶች ቀርበዋል፤ ኬፕታውን አጠገብ ያለው ሮበን ደሴትና በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ቡንዮኒ ሐይቅ ላይ ያለው ብዋማ። ርእሱን ለጊዜው «የለምጻሞች ደሴት ጉብኝት» ብዬዋለሁ። እስከ ረቡዕ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።

የታሪክ መምህሩ፦ ሮበንን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ደሴቱን የሚያውቀው በማንዴላ እስር ነው እንጂ፣ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1846 እስከ 1931 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይላኩበት ነበር። በ1895 ሕሙማኑ ራሳቸው የገነቡት የመልካሙ እረኛ ቤተ ክርስቲያን አሁንም ቆሟል። መቀመጫ አልተሠራለትም፤ የሚጸልዩት ቆመው ወይም ተኝተው ነበር። ይሁንና ሆስፒታሉ ሲዘጋ አብዛኛው ቤት ተቃጥሏል፣ ጎብኚውንም የሚወስዱት ወደ እስር ቤቱ ነው።

ስለዚህ አሁን ድምፄ ለብዋማ ነው። የሚስዮን ሐኪሙ ሊዮናርድ ሻርፕ በ1931፣ ሮበን በተዘጋበት ዓመት መሆኑ ነው፣ ሕሙማንን እዚያ ማከም ጀመረ። ዛሬ በደሴቱ ላይ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎች ሐይቁን በታንኳ እየተሻገሩ ይማራሉ። ሰው ይሸሸው የነበረ ቦታ ልጅ የሚላክበት ሲሆን ማየት እፈልጋለሁ።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ልጄ፣ አደራህን ርእሱን ቀይረው። እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ኖሬያለሁ፤ «ለምጻም» እና «ቆማጣ» የሚሉት ቃላት ከቁስሉ የባሰ ያማቸዋል። «በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች» በል። አንዲት ታካሚዬ መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ድና ወደ ዘመዶቿ ተመለሰች። ቡና ሲፈላ የእሷ ስኒ ለብቻው ቆጥ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ተመልሳ መጥታ እኔ ጋ አለቀሰች። በሽታው በ6 ወር፣ ሲበዛ በ12 ወር ሕክምና ይድናል፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። በረቂቁ ውስጥ ይህ መጀመሪያ ይግባ። ጤና ባለሙያ ያልሆኑት አባላት ሳያውቁት ፈርተው እንዳይሄዱ።

ወጣቱ አባል፦ ሲስተር፣ ልክ ነዎት። እኔ ጉዞውን በቪዲዮ ልቀርጽ አስቤ ነበር። ይፈቀዳል?

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ሐይቁን፣ ሕንጻውን ቅረጽ። ሰው ግን ሳትጠይቅ አትቅረጽ፤ ፈቅዶልህም ቢሆን እጁንና እግሩን አታሳይ።

ከዘነበወርቅ የመጡት አባል፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። አባቴ ከጎጃም በእግሩ እዚህ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የመጣው ለሕክምና ነው፤ ሲድን የሚቀበለው ስላጣ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሰ፣ እኛም እዚያ ተወለድን። ሰፈራችንን የከበበ ሐይቅ የለም። ግን ወጣት ሳለሁ መርካቶ ሥራ ስጠይቅ ሰፈሬን ደብቄ ነበር። እዚያው አጠገባችን አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቁሞ ለአፍሪካ ሁሉ ባለሙያ አሠልጥኗል፤ ከመሀል ከተማ በታክሲ የሚደረስ ነው፤ ከአባሎቻችን ስንቱ ገብቶ አይቶታል? ኡጋንዳ ከመሄዳችን በፊት አንድ እሑድ ዘነበወርቅ እንዋል። ሽማግሌዎቹ ያጫውቱን። ከእነሱም ሁለት ሰዎች አብረውን ይጓዙ፤ ወጪያቸውን ማኅበሩ ይሸፍን።

ገንዘብ ያዥዋ፦ ጋሼ፣ የሁለቱን ሰዎች ወጪ እደግፋለሁ። እስከ ኢንቴቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከባዱ ከካምፓላ ሐይቁ አጠገብ እስካለችው ካባሌ ከተማ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። አረጋውያን ስላሉን መንገድ ላይ ባለችው ምባራራ ከተማ አንድ ሌሊት እንደር። ለቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መከተብ ያስፈልጋል። መዋጮው በአንድ ጊዜ ከሚከብድ በየወሩ እንደ ዕቁብ ይሰብሰብ።

የታሪክ መምህሩ፦ የዘነበወርቁን እሑድ ተቀብያለሁ። እንዲያውም ከብዋማ ትምህርት ቤት ጋር ስንነጋገር የራሳችንን ታሪክ ይዘን እንቀርባለን። የሽማግሌዎቹን ንግግር ፈቃዳቸውን ጠይቄ እጽፋለሁ።

ጸሐፊው፦ ረቂቁ ተስተካክሏል። ርእስ፦ «በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች የኖሩባቸው ቦታዎች፤ ከዘነበወርቅ እስከ ብዋማ»። ስለ በሽታው የሲስተር ማብራሪያ ከመግቢያው ላይ ገብቷል፤ የቀረጻው ደንብም ተጽፏል። ሁለቱን ተጓዦች የሚመርጡት የዘነበወርቅ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ ለእነሱ የምንልከውን ደብዳቤ መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡልኝ፤ ነገ ከሰዓት ይዤ እመጣለሁ።