የሜዳ አህያችን ከውጭ ይምጣ ወይስ ያለችው ትጠበቅ?

ፓሪሴ፦ እሑድ ልጆቼን ይዤ ዙ ሄጄ ነበር። ቀጫጭን መስመር፣ ነጭ ሆድ፣ ትልልቅ ክብ ጆሮ ያለው የሜዳ አህያ አየን። ሰሌዳው ላይ “ግሬቪ” ይላል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ በስጦታ ልከው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ዝርያው በፕሬዚዳንቱ ስም ተሰየመ። የእኛው ነው እኮ! እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዱር ውስጥ 15,000 ገደማ ነበር፤ ዛሬ 3,000 ያህል ቢሆን ነው፣ አብዛኛውም ኬንያ ነው ያለው። ዙ ውስጥ ግን በመቶዎች አሉ፣ ይራባሉም። ታዲያ ጥቂቶቹ አፋር ውስጥ ወዳለው ወደ ሃላይደጌ ሜዳ ለምን አይመለሱም? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካ 18 የተራራ ቦንጎ (የጫካ አጋዘን ዓይነት ነው) አምጥታ የለ?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። የቦንጎውን ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው እንየው። 18ቱ የገቡት ማራቢያ ግቢ ነው። ከዚያ ግቢ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቦንጎዎች ተራራው ጫካ ውስጥ ወደተከለለላቸው ቦታ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። 18 ዓመት ቆይቶ! ግቢ ያደገ እንስሳ አንበሳ አያውቅም፣ የቆላውን መዥገር አልለመደም። የዱሩ ግሬቪ ድርቅ ሲመጣ የወንዝ አሸዋ በኮቴው ቆፍሮ ውሃ ያወጣል። ይህን ዙ ውስጥ ከማን ይማራል?

ፓሪሴ፦ እሺ፣ አባ ሰንጋስ? እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ኬንያ ውስጥ ዋምባ አካባቢ ገብቶ ከ50 በላይ ፈጅቷል። መጠባበቂያ አያስፈልግም?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ያስፈልጋል፤ ዙው ይዘጋ አላልኩም። ግን ያኔ የቀሩት የተረፉት በክትባት ነው። ከ600 በላይ የሜዳ አህያ እዚያው ሜዳው ላይ ተከተበ። የአካባቢው ከብትም በአስር ሺዎች አብሮ ተከተበ።

ቦሌ፦ እኔ ግልጹን ልናገር። አርብቶ አደሩ ይውጣ፣ ፓርኩ ይታጠር። ከብትና አውሬ አንድ ሣር ላይ እስካሉ ድረስ ሌላው ወሬ ነው።

የአዋሽ ልጅ፦ ወንድም ቦሌ፣ አንድ ጠዋት ከጅቡቲ መንገድ ወጣ ብዬ ያየሁትን ልንገርህ። ገና ጎህ አልቀደደም። አንዲት እናት ውርንጭላዋን ይዛ ከውሃው ራቅ ብላ ቆማለች። ትጠጋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ፀሐይ ስትወጣ ግመሎቹ መጡ፤ ሳትጠጣ ሄደች። የምታጠባ እናት ቢበዛ በሁለት ቀን አንዴ መጠጣት አለባት። ቀን ቀን ውሃው የከብት ነው። ማታ ስትመጣ ደግሞ አንበሳና ጅብ ይጠብቃታል። 13 ወር አርግዛ የምትወልደው አንድ ነው፤ ያ አንድ ከሞተ ዓመቷ ባከነ ማለት ነው። አጥር ይህን አይፈታውም። በዚያ ላይ አፋሩም ኢሳውም በድርቅ ጊዜ ከብቱን የት ይውሰድ? ሜዳውን እየዋጠው ያለው ፕሮሶፒስ የሚሉት መጤ እሾሃማ ዛፍ እኮ ለሁለቱም ጠላት ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ እዚህ ላይ እጨምራለሁ። ኬንያም ውስጥ አብዛኛው ግሬቪ የሚኖረው ከፓርክ ውጭ፣ ከሳምቡሩ አርብቶ አደሮች ከብት ጋር ነው። የሳምቡሩ ሴቶችና ወጣቶች በደመወዝ ይከታተሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰው በጅምላ ወጥቶ የቀኝ ጎኑን ፎቶ እያነሳ ቆጠረው፤ የሁለት አህዮች መስመር አይመሳሰልምና። 2,350 ገደማ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 2,800 ደረሰ። አንድም ከዙ አልመጣላቸውም።

ፓሪሴ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው እኛ ውጭ ያለነው ለማጓጓዣ ከምንጮህ፣ ሌሊት ውሃውን ለሚጠብቅ ሰው ደመወዝ ብናዋጣስ?

የአዋሽ ልጅ፦ አዋጡ። ግን መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንቀመጥ። ከብቱ በስንት ሰዓት ከውሃው እንደሚነሳ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አመሻሽ ላይ ሁለት ሰዓት እንኳ ቀደም ብለው ቢለቁላት ጨለማ ሳይይዛት ጠጥታ ትሄዳለች።

ቦሌ፦ እኔ አሁንም አጥሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ለሽማግሌዎቹ ስብሰባ ግን የድርሻዬን አዋጣለሁ።